ገንዘቡ በኮሚቴው እጅ፦ በአማራ ክልል የገጠር ውሃ ተቋማት አገነባብና አስተዳደር

የገጠር ውሃ በሚገነባበት በየትኛውም ወረዳ፣ ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት መልስ ማግኘት ያለበት አንድ ጥያቄ አለ፤ ሲሚንቶውን የሚገዛው፣ ባለሙያውን የሚቀጥረውና ሂሳቡን የሚዘጋው ማን ነው? በኢትዮጵያ ለረጅም ጊዜ የተሠራበት መልስ መንግሥት ወይም ለጋሽ ድርጅት የሚል ነበር። ኅብረተሰቡ ድንጋይና አሸዋ ያቀርባል፣ በጉልበቱ ይቆፍራል፣ በርክክቡ ቀን ያጨበጭባል፤ ገንዘቡን ግን አያየውም። በአማራ ክልል እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የተሞከረው አሠራር ይህን ልማድ ገልብጦ ገንዘቡን ራሱን ለተጠቃሚው ኮሚቴ አስረከበ። ይህ የጉዳይ ጥናት አሠራሩ እንዴት እንደተጀመረ፣ በመንደር ደረጃ በምን መልክ እንደሚከናወንና አቅሙ የት ላይ እንደሚያልቅ ይመረምራል።

የጉዳዩ መነሻ በኢትዮጵያና በፊንላንድ መንግሥታት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1994 የተጀመረውና እስከ 2011 ድረስ በአራት ምዕራፎች የቆየው የገጠር ውሃ አቅርቦትና አካባቢ ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ ማዕከሉን ባሕር ዳር አድርጎ በዋናነት በጎጃም፣ በአዊና በደቡብ ጎንደር ወረዳዎች ይሠራ ነበር። አካባቢው ደጋና ወይና ደጋ የሚበዛበት፣ ምንጭ የማያጣ፣ በብዙ ቦታም በእጅ ተቆፍሮ የሚደረስበት የከርሰ ምድር ውሃ ያለው በመሆኑ፣ ለአነስተኛ ተቋማት የተመቸ ነው። ቤቶቹ በየጎጡ ተበታትነው የተሠሩ ስለሆኑ ደግሞ አንድ ትልቅ ተቋም ሠርቶ ሁሉንም ከመጥራት ይልቅ በየጎጡ አንድ ጉድጓድ ወይም አንድ የጎለበተ (ተገንብቶ የተከለለ) ምንጭ ማኖር አዋጪ ነበር። በተግባር ሲታይ ግን እነዚህ ብዙ ጥቃቅን ግንባታዎች ለአንድ ቢሮ እጅግ ከባድ ነበሩ። ሲሚንቶው፣ ብረቱና ፓምፑ በማዕከል ተገዝቶ፣ በመኪና ተጭኖ፣ ክረምት ሲገባ በሚዘጋ መንገድ ወደ ወረዳ ይላካል። አንዱ ዕቃ ሲዘገይ ሌላው ቆሞ ይጠብቃል፤ የዓመቱ በጀትም ሥራ ላይ ሳይውል ሰኔ 30 ይደርሳል።

በሦስተኛው ምዕራፍ መጀመሪያ፣ እ.ኤ.አ. በ2003፣ የማኅበረሰብ ልማት ፈንድ የተባለው አሠራር ተዘረጋ። አካሄዱ በአጭሩ የሚከተለው ነው። ውሃ የሚፈልጉ አባወራዎችና እማወራዎች ተሰብስበው ከአምስት እስከ ሰባት አባላት ያሉት የውሃ ኮሚቴ ይመርጣሉ፤ ኮሚቴው ለወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት የድጋፍ ማመልከቻ ያቀርባል። የወረዳው ባለሙያ በመጀመሪያ ማመልከቻውን፣ ቀጥሎም ቦታውን ራሱን ይገመግማል፤ ውሃ ይገኝ እንደሆነ፣ የተጠቃሚው ቁጥር ለወጪው የሚመጥን እንደሆነ፣ የጉድጓዱ ቦታ ከመጸዳጃና ከከብት በረት የራቀ እንደሆነ ይመለከታል። ማመልከቻው ሲጸድቅ ወረዳውና ኮሚቴው ውል ይፈራረማሉ። ተጠቃሚዎቹ ከጠቅላላ ወጪው ቢያንስ 15 በመቶውን በጉልበት፣ በአካባቢ በሚገኝ ቁሳቁስና በጥሬ ገንዘብ ይሸፍናሉ። በጥሬ ገንዘብ የሚዋጣው ደግሞ ግንባታው ከመጀመሩ በፊት በኮሚቴው ስም በቁጠባ ደብተር ገብቶ ለጥገና ይቀመጣል። እዚህ ላይ ማስተዋል የሚገባው የቅደም ተከተሉ ነገር ነው፤ ለጥገና የሚሆነው ገንዘብ ፓምፑ ገና ሳይተከል ተቀምጧል። ውሃው ከወጣ በኋላ ገንዘብ ማሰባሰብ ምን ያህል እንደሚከብድ በውሃ ጽሕፈት ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ገንዘቡ የሚተላለፍበት መንገድ ለአሠራሩ መሠረት ነበር። በዚያን ጊዜ ባንክ በብዙ ወረዳ ከተሞች እንኳ አልነበረም። በየወረዳው ቅርንጫፍ የነበረውና እስከ ገበሬው ድረስ የወረደው ተቋም የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ሰው ሁሉ እንደሚጠራው አብቁተ፣ ነበር (በ2022 ጸደይ ባንክ ሆኗል)። ከክልሉ የገንዘብ ቢሮ የሚላከው ገንዘብ በአብቁተ በኩል በቀጥታ ወደ ኮሚቴው ሂሳብ ይገባ ነበር፤ ኮሚቴውም ሥራው በደረሰበት ደረጃ ልክ ወረዳው ሲያረጋግጥለት እየከፋፈለ ያወጣ ነበር። ሊቀመንበሩ፣ ገንዘብ ያዧና ሌላው ፈራሚ ደብተራቸውን ይዘው በገበያ ቀን ወደ ወረዳ ከተማ ይወርዳሉ፤ ገንዘቡን አውጥተው ሲሚንቶ ከሚሸጡ ሱቆች ዋጋ ያጠያይቃሉ፤ ከአንዱ ገዝተው ደረሰኝ ይቀበላሉ፤ መኪና በማይገባበት ጎጥ ከሆነም ሲሚንቶውን በአህያ ያስጭናሉ። ስለ ወጪው በሚቀጥለው ስብሰባ ለተጠቃሚው ሪፖርት ያቀርባሉ። ተጠቃሚው ራሱ የሲሚንቶን ዋጋ ስለሚያውቅ ይህ ሪፖርት በቢሮ ከሚደረገው ኦዲት የማያንስ ቁጥጥር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አብቁተ በገበሬው ዘንድ የሚታወቀው በብድር ነበርና፣ ከዚያው መስኮት የወጣው የጉድጓድ ገንዘብ ተመላሽ እንዳልሆነ በስብሰባ ላይ በግልጽ መነገር ነበረበት።

የቴክኒክ ሥራውን የሚሠሩት ፕሮግራሙ ያሠለጠናቸው የአካባቢው አርቲዛኖች (የእጅ ባለሙያዎች) ናቸው። ኮሚቴው ከእነርሱ መካከል መርጦ ይዋዋላል፤ ሥራው ጥሩ ካልሆነም ክፍያ የመያዝ ሥልጣን አለው። ቀድሞ አርቲዛኑ የፕሮግራሙ ሠራተኛ ያህል ስለነበር ለመንደሩ ሰው የሚመልሰው ነገር አልነበረም። አዲሱ አሠራር አሠሪውን ለወጠ። የወረዳው ባለሙያም በመጋዘንና በመኪና ስምሪት ያጠፋው የነበረውን ጊዜ ለቦታ መረጣ፣ ለክትትልና ለሥልጠና ማዋል ቻለ። የግንባታው ፍጥነት ጉልህ በሆነ መጠን የጨመረው፣ የተመደበው በጀትም ከቀድሞው በተሻለ ሥራ ላይ የዋለው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ቢሮ በተራ የሚያከናውነውን ግዥ ብዙ ኮሚቴዎች በአንድ ጊዜ ያከናውኑታል።

ቁፋሮው ራሱ በወቅት የታጠረ ሥራ ነው። በእጅ የሚቆፈር ጉድጓድ መቆፈር ያለበት የከርሰ ምድር ውሃው እጅግ ዝቅ በሚልበት በበጋው ማብቂያ፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ነው። በጥቅምት የተቆፈረ ጉድጓድ ክረምቱ በሞላው ውሃ ሊያታልል ይችላል፤ ቆፋሪው ውሃ አገኘሁ ብሎ ያቆማል፣ መጋቢት ላይ ግን ጉድጓዱ ይደርቃል። በሌላ በኩል የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ገንዘቡ ጸድቆ፣ ለወረዳ ተደልድሎ፣ ኮሚቴው ሠልጥኖ ውል እስኪፈርም ድረስ ወራት ስለሚያልፉ፣ አንዱ ደረጃ ትንሽ ሲጓተት የቁፋሮው ወቅት ያመልጣል። የግብርናውም ጉዳይ አለ፤ ከኅዳር እስከ ጥር አጨዳና ውቂያ ነው፣ ሰኔ ሲገባ ደግሞ ዘር ነው። የበጀቱን፣ የዝናቡንና የእርሻውን የቀን መቁጠሪያ አስማምቶ የሚቀረውን ጥቂት ጊዜ መጠቀም የወረዳ ባለሙያ ችሎታ የሚለካበት ዋናው ነገር ይመስለኛል፤ በሥልጠና መመሪያዎች ውስጥ የሚሰጠው ቦታ ግን ትንሽ ነው።

ጉድጓዱ በሲሚንቶ ቀለበት ከተገነባና አፉ በክዳን ከተዘጋ በኋላ የሚተከለው ፓምፕ በአብዛኛው አፍሪዴቭ ነው። ይህ የእጅ ፓምፕ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በማላዊና በኬንያ የተዳበረ ሲሆን የታሰበውም በመንደር ሰው እንዲጠገን ነው። ውሃ የሚስበው እስከ 45 ሜትር ከሚደርስ ጥልቀት ሲሆን፣ አብዛኛው የእጅ ጉድጓድ ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። ጥገናው ሲታይ የንድፉ ብልሃት ይገባል። ሠልጣኙ ተንከባካቢ በአንድ መፍቻ የፓምፑን ራስ ከፍቶ እጀታውን ያወጣል፤ ከዚያም የብረት ዘንጎቹን አንድ በአንድ እያላቀቀ ወደ ላይ ይስባል። ከመጨረሻው ዘንግ ጫፍ ላይ ያለው ውሃ ገፊ ክፍል ሲወጣ በዙሪያው ያለችውን የዩ ቅርጽ ያላት ጎማ ያያል፤ ተበልታ ከሆነ በጣቱ አውልቆ አዲስ ያስገባል። የላስቲክ ቱቦውን ማውጣት ሳያስፈልግ የታችኛውን ቫልቭ እንኳ በማጥመጃ መሣሪያ ይዞ ማውጣት ይቻላል። እጀታው የሚንቀሳቀስባቸው የፕላስቲክ ቡሽንጎችም እንዲሁ በቀላሉ ይለወጣሉ። ሁሉም ነገር በእጅ ካለ ሥራው ከግማሽ ቀን አያልፍም። ችግሩ ያለው ሁሉም ነገር በእጅ ካለ የሚለው ላይ ነው፤ ከታች እመለስበታለሁ።

ተቋሙ አገልግሎት ሲጀምር መተዳደሪያ ደንቡን ተጠቃሚው ራሱ ያወጣል። የተለመደው በጠዋትና ወደ ማታ ለተወሰኑ ሰዓታት መክፈት፣ በቀረው ጊዜ አጥሩን መቆለፍ ነው። አጥሩ ብዙ ጊዜ እሾህ ወይም እንጨት ነው፤ ከብት እንዳይገባና ልጆች እጀታውን እንዳይጫወቱበት ያስፈልጋል። ጥበቃ የሚቀጠርበት ጎጥ ደመወዙን በጥሬ ገንዘብ ወይም በየቤቱ በሚዋጣ እህል ይከፍላል። ወርኃዊ መዋጮ በየቤቱ እኩል የሚከፈልበት ቦታ ይበዛል፤ በጀሪካን የሚሸጥበት አሠራር ግን የተለመደው ከተማ ቀመስ በሆኑ የቦኖ ውሃዎች ነው። አንዳንዱ ጎጥ ወርኃዊ መዋጮውን ትቶ ፓምፑ ሲሰበር ብቻ ያዋጣል። ይህ አሠራር ለመዝጋቢ አይመችም፤ ኮሚቴውም ደካማ እንደሆነ ተደርጎ በሪፖርት ይጻፋል። ሆኖም ፓምፑ በተሰበረ በሁለተኛው ቀን ገንዘቡ ተዋጥቶ የሚያድር ከሆነ፣ ገቢው እንደ ሰብሉ ወቅታዊ የሆነ ገበሬ በየወሩ አለመክፈሉ ብቻውን የአስተዳደር ጉድለት ተደርጎ መቆጠር የለበትም።

ውሃ የመቅዳቱ ሸክም በሴቶችና በልጃገረዶች ላይ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ስለዚህም ከኮሚቴው አባላት ግማሹ ሴቶች እንዲሆኑ ይጠየቃል። በቁጥር ደረጃ ይህ በአብዛኛው ይሟላል። የኃላፊነቱ ድልድል ግን ሌላ መልክ አለው፤ ሊቀመንበርነቱና ጸሐፊነቱ ወደ ወንዶች፣ ገንዘብ ያዥነቱ ወደ ሴቶች ያዘነብላል። ገንዘብ ያዥነት ከክብር ይልቅ እምነት የሚጣልበት ሥራ ተደርጎ ይታያልና፣ ሴቶቹ የተሰጣቸው በዚሁ ነው። በዚህ አሠራር ግን ገንዘብ ያዧ የደብተሩ ፈራሚ ናት፤ ያለ እርሷ ፊርማ ገንዘብ አይወጣም። በጉድጓዱ ቦታ መረጣ ላይም ድምፃቸው ሲሰማ ውጤቱ ይለያል፤ እንስራ ወይም ጀሪካን ተሸክማ ዳገት የምትወጣ ሴት ቦታው ከቤት በላይ ወይም በታች መሆኑ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች።

የአሠራሩ ሁለተኛ ዕድሜ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በዚያ ዓመት የወጣው አገር አቀፍ የውሃ፣ የሳኒቴሽንና የሃይጂን ማስፈጸሚያ ማዕቀፍ ይህንኑ መንገድ በማኅበረሰብ የሚመራ ፕሮጀክት በሚል ስም ከታወቁት የፋይናንስ አማራጮች አንዱ አድርጎ ተቀበለው። ኮዋሽ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው፣ ፊንላንድ የደገፈችው ፕሮጀክትም በዚያው ዓመት ተጀምሮ ከአማራ ሌላ በትግራይ፣ በኦሮሚያ፣ በቀድሞው ደቡብ ክልልና በቤኒሻንጉል ጉሙዝ በዚሁ አሠራር ሠራ። ከገንዘብ አንጻር መሠረታዊው ለውጥ የመጣው እዚህ ላይ ነው፤ የግንባታው ገንዘብ በአብዛኛው ከክልሎች በጀት እንዲወጣ፣ የፊንላንድ ድጋፍ ደግሞ በዋናነት በአቅም ግንባታ ላይ እንዲውል ተደረገ። የለጋሽን ገንዘብ ለገበሬ ኮሚቴ መስጠት አንድ ነገር ነው፤ የመንግሥትን ገንዘብ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ላልሆነ ኮሚቴ ሰጥቶ ግዥውንም እንዲፈጽም መፍቀድ ግን የፋይናንስ ኃላፊዎችን የሚያሳስብ ነገር ነው። ለጥርጣሬው መነሻ የሆነው ጉዳይ የሕግም ነበር። የውሃ ኮሚቴ ሕጋዊ ሰውነት ስላልነበረው በስሙ መክሰስም ሆነ መከሰስ፣ ንብረት መያዝም ሆነ አስገዳጅ ውል መግባት አስቸጋሪ ነበር። ክልሎች ኮሚቴዎችን መዝግበው ሕጋዊ ዕውቅና የሚሰጡበትን ሥርዓት ያበጁት አሠራሩ ከተጀመረ ከዓመታት በኋላ ነው።

ውጤቱን በተመለከተ፣ በዚህ መንገድ ከተሠሩት ተቋማት ውስጥ አገልግሎት የሚሰጡት ከ90 በመቶ በላይ እንደሆኑ የፕሮጀክቱ ሪፖርቶች ያሳያሉ። በዚሁ ዘመን የተካሄደው አገር አቀፍ ቆጠራ ከገጠር ውሃ ተቋማት ከአራት አንዱ ያህል ብልሽት ላይ መሆኑን ስላመለከተ፣ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ሆኖም ሁለት ነገሮች ሊታሰቡ ይገባል። አንደኛ፣ ንጽጽሩ አዲሶቹን ከአሮጌዎቹ ጋር ይቀላቅላል፤ ከአምስት ዓመት በፊት የተተከለ ፓምፕ ከሃያ ዓመት በፊት ከተተከለው የተሻለ ቢሆን አያስደንቅም። ሁለተኛ፣ ቆጣሪው በሄደበት ቀን ውሃ ያፈሰሰ ፓምፕ ሁሉ ይሠራል ተብሎ ይመዘገባል። በሚያዝያ ወር ለሁለት ሰዓት ቀድተውት ለቀሪው ቀን እስኪሞላ የሚጠበቀው ጉድጓድም በዚሁ ዓምድ ውስጥ ነው። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለገጠር ነዋሪ የተቀመጠው መለኪያ በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ በቀን 25 ሊትር ለአንድ ሰው ነው፤ የቀድሞው መለኪያ በ1.5 ኪሎ ሜትር ውስጥ 15 ሊትር ነበር። መለኪያው ከፍ ሲል በመዝገብ ላይ ሽፋን አለው የተባለው ጎጥ አንዳንዴ ወደ ኋላ ተመልሶ ሽፋን የሌለው ይሆናል፤ ጉድጓዱ ግን ያው ነው።

አሁን ወደ መለዋወጫው ልመለስ። የአፍሪዴቭ ዕቃዎች በአብዛኛው ከውጭ፣ በተለይም ከሕንድ የሚገቡ ናቸው። ጎማዋ ራሷ ትንሽ ዕቃ ናት፤ በወረዳ ከተማ ውስጥ የምትሸጥበትን ሱቅ ማግኘት ግን ቀላል አይደለም። የነጋዴው ሂሳብ ግልጽ ነው፤ አንድ ፓምፕ በዓመት የሚፈልገው አንድ ወይም ሁለት ጥቃቅን ዕቃ ነው፣ ትርፉም ትንሽ ነው፣ ዕቃው ግን መደርደሪያ ላይ ለወራት ይቀመጣል። ስለዚህ በተለያዩ ጊዜያት የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራትና የተደራጁ ወጣቶች እንዲሸጡት ጥረት ተደርጓል። ኮሚቴው በደብተሩ ገንዘብ እያለው፣ ተንከባካቢው ጥገናውን እያወቀ፣ ፓምፑ በአንዲት ጎማ ምክንያት የሚቆመው በዚህ ምክንያት ነው። ገንዘቡን ወደ መንደር ማውረድ ለግንባታው ትልቅ መፍትሔ ሆኗል፤ ሲሚንቶ በየከተማው የሚሸጥ ሸቀጥ ስለሆነ ኮሚቴው ሊገዛው ይችላል። ገበያው ራሱ በሌለበት ዕቃ ላይ ግን የኮሚቴው የመግዛት ሥልጣን ብዙም አይረዳውም።

ሌላው ወሰን የተቋሙ ስፋት ነው። ብዙ ቀበሌዎችን አቋርጦ የሚሄድ የቧንቧ መስመር በበጎ ፈቃድ ኮሚቴ ሊመራ አይችልም። ለዚህ የአርሲው ሂጦሳ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የተጠናቀቀው ይህ ተቋም ከባዳ ተራራ ምንጮች የሚነሳውን ውሃ ያለ ሞተር፣ በቁልቁለት ብቻ፣ 140 ኪሎ ሜትር በሚያህል መስመር ለበርካታ ቀበሌዎችና ለትናንሽ ከተሞች ያደርሳል፤ ተጠቃሚዎቹም ከ60 ሺህ በላይ እንደሆኑ ይገመት ነበር። እዚያ ተጠቃሚዎች የሚመርጡት ቦርድ ቢኖርም የዕለት ሥራውን የሚያከናውኑት ደመወዝ የሚከፈላቸው ሠራተኞች ናቸው፤ ቆጣሪ ይነበባል፣ ገንዘብ ይሰበሰባል፣ መስመር ይጠገናል። በአማራ ክልልም የጥልቅ ጉድጓድ፣ የጄኔሬተርና የሶላር ፓምፕ ተቋማት እየበዙ ሲመጡ፣ የገጠር ውሃ አገልግሎት ወደሚባል ቋሚ ድርጅት የመሸጋገር ጥያቄ እየጎላ መጥቷል። በአንድ ጉድጓድ ላይ የተሳካው የኮሚቴ አሠራር ነዳጅ፣ ኤሌክትሪሲያንና የሂሳብ ሠራተኛ ወደሚፈልግ ተቋም እንዳለ ቢገለበጥ የሚከሽፍ ይመስለኛል።

የውሃው ጥራትም ገና ያልተፈታ ጉዳይ ነው። የታሸገ ጉድጓድ ከክፍት ኩሬ እጅግ የተሻለ ነው፤ ግን ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። የክዳኑ ሲሚንቶ ሲሰነጠቅ፣ የፈሰሰው ውሃ የሚወርድበት ቦይ ተደፍኖ ውሃው በአካባቢው ሲጠራቀም፣ የክረምቱ ጎርፍ ሲገባ ጉድጓዱ ይበከላል። በክሎሪን ማከም በርክክብ ጊዜ ይደረጋል፤ ከዚያ በኋላ በየጊዜው መደጋገሙ ግን በወረዳው አቅም ላይ የተመሠረተ ነው። ከጉድጓድ ንጹሕ ሆኖ የወጣው ውሃም ባልታጠበ ጀሪካን ቤት ሲደርስ ሊለወጥ ይችላል፤ ይህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ድርሻ ነው፣ የውሃ ኮሚቴውም ከእነርሱ ጋር ሊሠራ ይገባዋል።

ከ2020 ወዲህ በክልሉ የደረሰው ጦርነትና ግጭት በዚህ ሥርዓት ላይ ሌላ ጫና ጨምሯል። የወረዳ ባለሙያ ወደ ቀበሌ መውጣት በማይችልበት፣ የገንዘብ ተቋማት ቅርንጫፎች በሚዘጉበት ወይም በሚዘረፉበት ጊዜ፣ በመንደር ያለው ተንከባካቢና መሣሪያው ብቻ ይቀራሉ። ሁለቱም ባሉበት ጎጥ ያለ ወረዳ ድጋፍ ውሃው ሊቀጥል የሚችል ሲሆን፣ ከመንደሩ ውጭ በሚገኝ ነገር ላይ የተመሠረተው ሁሉ፣ ማለትም መለዋወጫው፣ ክሎሪኑና ክትትሉ፣ መጀመሪያ ይቋረጣል።

ከሁሉም በላይ ገና መልስ ያልተገኘለት የመተካት ወጪ ነው። በቁጠባ ደብተሩ ያለው ገንዘብ የተሰላው ለጎማ፣ ለቡሽንግና ለዘንግ ነው፤ የፓምፑ ዕድሜ ሲያልቅ አዲስ ለመግዛት፣ ወይም ውሃው ሲሸሽ ጉድጓዱን አጥልቆ ቀለበት ለመጨመር አይበቃም። በ2024 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ስለናረ በደብተሩ የተቀመጠው ገንዘብ የመግዛት አቅም ይበልጥ ወርዷል። በዚህ ደረጃ የደረሰ ኮሚቴ ለወረዳው ደብዳቤ ይጽፋል። የወረዳው ካፒታል በጀት ግን በአዲስ ተቋም ብዛት የሚታቀድና የሚገመገም ነው፤ ያረጀውን መተካት ሽፋኑን በመዝገብ ላይ ከፍ አያደርግለትም። ስለዚህ የውሃ ሽፋን አለው ተብሎ የተመዘገበው ጎጥ ደብዳቤው መዝገብ ቤት ሲቆይ ወደ ቀድሞ ምንጩ ይመለሳል፤ ከአጠገቡ ባለው ቀበሌ ደግሞ አዲስ ኮሚቴ ተመርጦ፣ 15 በመቶውን አዋጥቶ፣ ቁፋሮ ይጀምራል።